የራሱ ታሪክ ያለው አስማታዊ መሣሪያ እንዴት ይሠራል?

እያንዳንዳችን አንድ የታሪክ ገጸ ባህሪ ሆነን በጠረጴዛ ዙሪያ በምንጫወታቸው የሚና ጨዋታዎች ተጫዋቹ ሲያገኘው ዓይኑ የሚበራለት መሣሪያ አለ፤ የገጸ ባህሪው ወረቀት ላይ ተጽፎ በዚያው የሚረሳም አለ። የሚረሳው ጉልበት ስላነሰው አይደለም፤ ጭብጡ ከስሙ ስላላለፈ ነው። “የበረዶ ሰይፍ” ተብሎ ሥራው ከሌላው ሰይፍ ካልተለየ በረዶው ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ከቁጥር አትጀምሩ። መጀመሪያ መሣሪያው ያለፈበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ፦ “ደወል ጠባቂው እንቅልፍ በጣለው ሌሊት ከተማዋ በጠላት እጅ ወደቀች፤ ከደወሉ ስብርባሪ መዶሻ ተሠራ።” ይኸው ይበቃል። ሦስት ገጽ ታሪክ ብትጽፉ ጨዋታው መሐል የሚያስታውሰው የለም።

ቀጥሎ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ክብደት ያላቸውን ቃላት ልቀሙ። እኔ ከዚህኛው ድምፅ፣ እንቅልፍና ማስጠንቀቅ የሚሉትን አነሣለሁ።

አሁን እያንዳንዱን ቃል ወደ ጨዋታ ሕግ ቀይሩት፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። መዶሻው ሲያርፍ እንደ ደወል ያስተጋባል፤ ከተለመደው ጉዳት ሌላ የነጎድጓድ ጉዳት ይጨምራል። ባለቤቱ ተኝቶ ጠላት ከቀረበ እጀታው ይንዘፈዘፋል፤ ስለዚህ ሰውየው በእንቅልፉ አይያዝም። በቀን አንድ ጊዜ ደግሞ መሬት ቢመታበት በአስማት ያንቀላፉ ጓደኞቹ ሁሉ ይነቃሉ። ሦስቱም የዚያች ሌሊት ልጆች ናቸው። “እሳትም ቢተፋስ?” የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ለሌላ መሣሪያ አቆዩት።

መፈተኛው ቀላል ነው፦ የመዶሻውን ስም ሰርዛችሁ ሕጉን ብቻ ለጓደኛ አንብቡለት። ደወል ወይም ዘብ ወደ ሐሳቡ ካልመጣ እንደገና ሥሩት።

ቁጥር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም የምትጫወቱ ከሆነ፣ ጥቃት የሚወሰነው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ተጥሎ ስለሆነ እያንዳንዷ ተጨማሪ 1 የመምታት ዕድሉን አብዛኛውን ጊዜ በ5 በመቶ ከፍ ታደርጋለች። 3 ስትጨምሩ 15 በመቶ ደረሰ ማለት ነው። እኔ በአንድ ወቅት ይህን ሳላሰላ ለጀማሪ ቡድን 3 የሚጨምር ሰይፍ ሰጠሁ። ሰይፉን የያዘው ልጅ ደስ አለው፤ የሌሎቹ ተራ ግን ትርጉም አጣ፣ አንዷም ተራዋ ሲደርስ “እሱ ይጨርሰው” ማለት ጀመረች። ያን ሰይፍ መልሶ መውሰድ ከመስጠቱ ይልቅ ከባድ ነበር። የጦር መዶሻ በአንድ እጅ ሲያዝ ጉዳቱ በባለ 8 ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ አማካዩ 4.5 ነው። የነጎድጓዱን በባለ 6 ገጽ ብታደርጉት 3.5 ይጨመርና 8 ይሆናል፣ ከዳይስ ብቻ የሚገኘው ጉዳት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ለጀማሪዎች በየተራው አንዴ ብቻ እንዲሠራ ገድቡት።

ዋጋም አስከፍሉት፤ ዋጋው ግን ከዚያው ዓረፍተ ነገር ይምጣ። ይህ መዶሻ ዝምታን አይወድም። የያዘው ሰው ተደብቆ ሊያልፍ ሲሞክር ሁለት ዳይስ ጥሎ ዝቅተኛውን ይወስዳል። ለሌባ ገጸ ባህሪ ከባድ ምርጫ ነው፤ ጥሩ ውይይት የሚነሣውም በዚህ ነው።

በመጨረሻ አሰጣጡን አስቡበት። በዚሁ እትም አንድ ገጸ ባህሪ ቢበዛ ከ3 አስማታዊ ዕቃዎች ጋር ብቻ ይቆራኛል፣ ማለትም አስማታቸውን ለመጠቀም ራሱን ከእነሱ ጋር ያስተሳስራል፤ እያንዳንዱን ለመቆራኘትም የ1 ሰዓት ዕረፍት ያስፈልገዋል። ያቺን ሰዓት በዝምታ አትለፏት። መዶሻውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲቀመጥ ብረቱ ከአየሩ ይልቅ እንደሚሞቅ፣ ጆሮውን ሲያስጠጋም ከሩቅ የሚሮጥ ሰው ትንፋሽ እንደሚሰማው ንገሩት። ችሎታዎቹን ሁሉ ግን በዚያው አትዘርዝሩለት። የእጀታውን መንዘፍዘፍ ቡድኑ ደክሞ ሜዳ ላይ በሚያድርበት፣ ዘቡም በሚያንቀላፋበት ሌሊት ይወቀው።