ቺሊ ፍራይስ ከማዘዝዎ በፊት የሶዲየሙን መጠን ይጠይቁ

አሜሪካ ውስጥ ከፈጣን ምግብ ቤቶች ቺሊ ፍራይስ፣ ማለትም የሥጋ ወጥና ቺዝ የሚደረግበት የተጠበሰ ድንች፣ የምታዝዙ ሁሉ፣ በተለይም የደም ግፊት ያለባችሁ ወገኖቼ፣ ከካሎሪው አልፋችሁ ሙሉውን የንጥረ ነገር መረጃ ብትጠይቁ እጅግ ትጠቀማላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የፌዴራል ደንብ መሠረት፣ በአንድ ስም 20 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች ካሎሪውን በምግብ ዝርዝራቸው ላይ የማሳየት፣ የሶዲየሙን (በጨው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር)፣ የስቡንና የስኳሩን መጠን ደግሞ ለጠየቀ ደንበኛ በጽሑፍ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው።

የዚህ ምግብ ጨው ከአንድ ቦታ ብቻ አይመጣም፤ ድንቹ ገና ከዘይት እንደወጣ ይነሰነስበታል፣ በጨው የተቀመመው የሥጋ ወጥ ይፈስበታል፣ በላዩ የሚቀልጠው ቺዝም የራሱን ይጨምራል። ለአዋቂ ሰው በቀን የተመከረው የሶዲየም ጣሪያ 2,300 ሚሊግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ገደማ ስለሆነ፣ የሚሰጣችሁን ቁጥር ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። ከስቡ የሚመጣውን ካሎሪ ለማወቅም ግራሙን በ9 አባዙት፤ 30 ግራም ስብ ብቻውን 270 ካሎሪ ነው። የተቀቀለ ድንች ስብ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሲጠበስ ግን ውኃው ተንኖ በቦታው ዘይት ይገባል።

ወጡ ቦሎቄ ካለበት ፋይበርና ፕሮቲን ይገኝበታል፤ ይህ እውነተኛ ጥቅሙ ነው። ስለዚህ የምመክረው ትንሹን መጠን ማዘዝ፣ ቺዙን ማስቀረት፣ ድንቹ ላይ ጨው እንዳይነሰነስ አስቀድሞ መናገርና ወጡ ለብቻው በትንሽ ዕቃ እንዲሰጥ መጠየቅ ነው።