ቢጫው እንዳይቀላ፦ የባክቴሪያን ኢንዛይም የሚያስቆም ነገር እንዴት እንደምፈልግ

አሞክሲሲሊን አልሠራ ከሚልባቸው ምክንያቶች አንዱ ቤታላክታሜዝ ነው። ባክቴሪያው የሚያመርተው ኢንዛይም ነው፤ በመድኃኒቱ ሞለኪዩል ውስጥ ያለውን ቀለበት ሰብሮ ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል። ይህን ኢንዛይም የሚይዝ ነገር ከተገኘ ግን አሮጌው መድኃኒት እንደገና ይሠራል። ኦግመንቲን ውስጥ ከአሞክሲሲሊን ጋር የተጨመረው ክላቩላኒክ አሲድ ሥራው ይኸው ነው።

ለፍለጋው ናይትሮሴፊን የሚባል መፈተኛ ኬሚካል ያስፈልጋችኋል። ቢጫ ነው፤ ኢንዛይሙ ሲሰብረው ይቀላል። ለውጡ በዓይን ይታያል፤ ለልኬት ግን የቀለሙን መጠን በብርሃን የሚለካውን ማሽን (ስፔክትሮፎቶሜትር) 486 ናኖሜትር ላይ አድርጉት።

መጀመሪያ ኢንዛይሙንና የምትፈትኑትን ነገር ለ10 ደቂቃ አብራችሁ አቆዩ፤ ቀስ ብለው የሚይዙ አሉና። ከዚያ ናይትሮሴፊን ጨምሩና ወዲያው ማንበብ ጀምሩ። የሚለካው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፍጥነት ነው። ቆይታችሁ ካያችሁት ሁሉም ቀልቶ ይጠብቃችኋል። ጎን ለጎን ክላቩላኒክ አሲድ ያለበት፣ ማሟሚያው ብቻ ያለበትና ኢንዛይም የሌለበት ይኑር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። አንድ ጊዜ የቅጠል ጭማቂ ስፈትን ቢጫው ቢጫ እንደሆነ ቀረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደስታዬን አልቻልኩትም። ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ትሪተን ጨምረሽበታል?" አለችኝ። አልጨመርኩም ነበር። ትሪተን ኤክስ 100 እንደ ሳሙና ያለ ነገር ነው። 0.01 በመቶ ስጨምር ሁሉም ቀላ። ጭማቂው ውስጥ ያለው ነገር ተጓጉሎ ኢንዛይሙን ጠቅልሎት ነበር እንጂ ቦታውን አግኝቶ አልያዘውም። እንዲህ የሚጓጎል ነገር ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ይጠቀልላል፤ መድኃኒት አይወጣውም። ስለዚህ እባካችሁ፣ ትሪተኑን ከመጀመሪያው ቀን ባፈሩ (ሙከራው የሚካሄድበት ፈሳሽ) ውስጥ አድርጉት። በተለይ ታኒን (ፕሮቲን ላይ የሚጣበቅ የተክል ንጥረ ነገር) የበዛበት ተክል የምትፈትኑ።

ይህን ፈተና ያለፈውን ነገር ቤታላክታሜዝ ወዳለው ኢ. ኮላይ ወደሚባለው ባክቴሪያ ውሰዱት። አምፒሲሊን (የአሞክሲሲሊን ዘመድ) ለብቻው፣ ያገኛችሁት ነገር ለብቻው፣ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ። የምትፈልጉት አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ እድገቱ እንዲቆም ነው። ያገኛችሁት ነገር ለብቻውም እድገቱን ካቆመ፣ የነካው ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ተጠንቀቁ።

ኢንዛይሙን አስቁሞ ባክቴሪያው ላይ ምንም ካላደረገ ወዲያው አትጣሉት። የኢ. ኮላይ የውጪ ሽፋን አላሳልፍ ብሎት ወይም የባክቴሪያው ፓምፕ መልሶ አውጥቶት ይሆናል። እኔ እንዲህ ሲገጥመኝ ውጤቱን ይዤ ኬሚስቶቹ ጋ እሄዳለሁ፤ ሞለኪዩሉን አሳንሰው እንዲሠሩልኝ።