የጥጥ ተባይ ወጪ ሲሰላ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ትልቁ ስህተት የኬሚካሉንና የረጪውን ክፍያ ብቻ ጽፎ ሒሳቡን መዝጋት ነው። በመካከለኛው አዋሽ ያው ወንዝ የጥጥ ማሳም ያጠጣል፣ የአፋር አርብቶ አደር ከብትም ያጠጣል። ከማሳ ታጥቦ የሚወርደው መርዝ፣ ያለ ጓንት የረጨው የቀን ሠራተኛ ሕክምና፣ ያለቀው ንብ በእርሻው መዝገብ ላይ አይታዩም። የሚከፍላቸው ሕዝቡ ነው። በጀት የሚይዝ ሰው እነዚህን ከመጀመሪያው ሊጽፋቸው ይገባል።

ተባይ ሳይቆጥሩ በቀን መቁጠሪያ መርጨት ሌላው ነው፤ ጎረቤታችን ሱዳን በደንብ ታውቀዋለች። በገዚራ የመስኖ እርሻ የጥጥ ፍሬ የሚበላውን ጓይ ትል ለማጥፋት የተደጋገመው ርጭት የተባዩን ተፈጥሯዊ ጠላቶች አብሮ ጨረሰ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነጭ ዝንብ ያለ ተቆጣጣሪ ተራባ፤ ከነፍሳቱ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ጥጡን አጣበቀው፣ ክር ፈታዮችም ሸሹት። ገዚራ በመንግሥት የሚመራ እርሻ ስለነበር ኪሳራው የአገር ነበር። ማሳ ውስጥ ገብቶ እንቁላልና ትል የሚቆጥር ሠራተኛ ደመወዝ ከዚህ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። በአርባ ምንጭ አካባቢ አርሶ አደሮች ጠቃሚ ነፍሳትን የሚስብ ምግብ ነክ ርጭት መጠቀም ተምረዋል፤ የሕዝብ ገንዘብ እንዲህ ላለው ሥልጠና ቢውል ደስ ይለኛል።

«ለክፉ ቀን» እያሉ ኬሚካል ማከማቸትም ዋጋ ያስከፍላል። ለጥጥ ብቻ የታሰበ ባይሆንም፣ በኢትዮጵያ መጋዘኖች የተከማቸ 1,500 ቶን ገደማ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ፊንላንድ ድረስ ተጭኖ መቃጠል ነበረበት። ባዶውን ጀሪካን ለውሃ መቅጃ መስጠትማ ጨርሶ መታሰብ የለበትም፤ በሳስቶ ከጥቅም ውጭ ማድረግ የግድ ነው።

ከለቀማ በኋላ አገዳውን ማሳ ላይ መተውም ስህተት ነው። ሮዙ የጓይ ትል በቀረው ፍሬ ውስጥ ተደብቆ ይከርማል፣ የአንዱ ቸልተኝነትም የጎረቤቱን ማሳ ይበላል።

በመጨረሻ፣ ዘረመሉ የተለወጠው ቢቲ ጥጥ ሁሉን ይፈታል ብሎ መተማመን አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቅዳዋለች፤ የሚከላከለው ግን ጓይ ትልን እንጂ ነጭ ዝንብንና ክሽክሽን አይደለም። በሕንድ ሮዙ ትል ለቢቲ ጥጥም ተላምዶ ርጭቱ ተመልሷል። ስለዚህ ዘሩን የፈቀደ አካል የመላመድ ክትትሉን፣ ትሉ እንዳይላመድ ከጎን የሚዘራውን መደበኛ ጥጥ ቁጥጥርና የባለሙያውን ወጪ በየዓመቱ መመደብ አለበት።