ከቴራፒ ወንበር ወደ መዶሻና ሽቦ፦ በእጅ ጌጥ መሥራት ለመጀመር

ይሄን የምጽፈው ቀኑን ሙሉ የሰው ጭንቀት ስትሰሙ ለምትውሉ ሰዎች ነው፣ ሳይኮሎጂስት ሁኑ፣ ካውንስለር ሁኑ፣ ሶሻል ወርከር ሁኑ። እኔም ቴራፒስት ነኝ፣ ማታ ማታና ቅዳሜ ደግሞ ጉትቻና ሐብል እሠራለሁ፣ እንዴት ልጀምር እያሉ የሚጠይቁኝ የሙያ ባልደረቦቼ ስለበዙ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር፣ ጌጥ ሥራውን ራሳችሁን ማከሚያ አታድርጉት። እኛ የነካነውን ነገር ሁሉ ወደ ስሜት መመለስ ይቀናናል። ይሄ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ጫፉን በደንብ ካልሞረዳችሁት ጆሮ ይቧጭራል፣ በቃ። ሰው ሲሻለው ለማየት ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ሳናየው ይሄዳል፤ የጉትቻ መንጠቆ ግን ልክ መሆን አለመሆኑን እዛው ታዩታላችሁ፣ እኔን ያሳረፈኝም እሱ ነው።

በብር አትጀምሩ፣ ውድ ነው፣ እጃችሁም ይፈራል። የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሄዳችሁ ባለ 1.5 የመብራት ሽቦ ግዙ፣ ባለ ብዙ ክሩን ሳይሆን ድፍኑን፣ ላስቲኩን ስትልጡት ወደ 1.4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር መዳብ ታገኛላችሁ። ከዛ አፉ ሾጣጣ የሆነ ፒንሳ፣ ጠፍጣፋ ፒንሳ፣ መቁረጫ፣ ደቃቅ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ፊቱ ያልተቧጨረ መዶሻና ከሥር የሚሆን ፊቱ የለሰለሰ ወፍራም ብረት ያስፈልጋችኋል። የዓይን መከላከያ መነጽርም አትርሱ፣ ስትቆርጡት ቁራጩ ተስፈንጥሮ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ደግሞ ቁጭ ብለን ስለምንውል መዶሻውን ቆማችሁ ሥሩበት፣ ወገባችሁ ያመሰግናችኋል።

ወደ 12 ሴንቲ ቆርጣችሁ ጠርሙስ ላይ ጠምዝዙትና የእንባ ቅርጽ አስይዙት፣ ከዛ ቀስ እያላችሁ ቀጥቅጡት። መዳብም ሆነ ብር ሲቀጠቀጥ እየደረቀ ይሄዳል፣ ዝም ብላችሁ ከቀጠላችሁ ይሰነጠቃል። እምቢ ማለት ሲጀምር በጉጠት ይዛችሁ ቡታጋዝ ላይ አግሉት፣ የክፍሉን መብራት ቀንሱትና ሽቦው ደብዘዝ ያለ ቅላት ሲያሳይ አውጥታችሁ ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ እንደገና ለስላሳ ይሆናል። የጠቆረውን ሎሚና ጨው ያነሳዋል። ይሄን መግላትና መለስለስ እጃችሁ ሳይለምደው ወደ ሌላ አትለፉ፣ የብረት ሥራ ግማሹ እሱ ነው።

መንጠቆው ላይ ግን አትቆጥቡ፣ 0.8 ሚሊ ሜትር የሚወፍር 925 ብር (ከሺህ 925ቱ ንጹሕ ብር የሆነ) ይሁን፣ ኒኬል ያለበት ርካሽ መንጠቆ ብዙ ሰው ጆሮ ያሳክካል። 5 ሴንቲ ያህል ይበቃል፣ ጫፉን ክብ እስኪሆን ሞርዱት፣ በብርጭቆ ወረቀት ጨርሱት፣ ከዛ የራሳችሁን ጉንጭ ላይ ፈትኑት።

ሐብል ለምትወዱ አገራችን ያለው ነገር ልዩ ነው። መርካቶ ጨሌው አለ፣ ድሮ አንጥረኞች ጠገራ ብር እያቀለጡ የሠሩት የብር ዶቃና ጠልሰም አለ (ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከሺህ 833ቱ ብር ነው፣ በኋላ የታተመውም ሳይቀር እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ነው ያለበት)። አሮጌ ዶቃ ስታገኙ እባካችሁ አታቅልጡት፣ እንዳለ ተጠቀሙበት፣ ከየት እንደመጣም ጠይቁ፣ የቤተክርስቲያን ንብረት የሚመስል መስቀል ከሆነ ደግሞ ርካሽም ቢሆን አትግዙ። የድሮ ዶቃ ቀዳዳው ስለት ስለሚኖረው ክር ይበጥሳል፣ በቀጭን ክብ ሞረድ ውስጡን አለስልሱት። በየዶቃው መሃል ቋጠሮ አድርጉ፣ ቢበጠስ እንኳ አንድ ብቻ ነው የሚወድቀው፣ እርስ በርስም አይፋተጉም። ለ45 ሴንቲ ሐብል ክሩን ከእጥፍ በላይ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ቋጠሮ ክር ይበላል።

የወሎ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ ዓለም ያወቀው። ግን ውሃ የሚመጥ ድንጋይ ነው፣ ሲርስ ቀለሙ ይጠፋና ሲደርቅ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ዘይትና ሽቶ ከጠጣ ግን ሊበላሽ ይችላል። እሳት አታሳዩት፣ የሚበየድ ነገር ካለ መጀመሪያ በይዳችሁ ጨርሱ፣ ድንጋዩ መጨረሻ ይግባ። ለምትሸጡለት ሰውም ይሄን ሁሉ ንገሩ።

አሁን የእኛ ጉዳይ። ለክላይንት፣ ማለትም ለምናክመው ሰው፣ አይሸጥም። ዘመዷ ነኝ ቢልም፣ በጣም ወድጄዋለሁ ብትልም አይሸጥም፣ ምክንያቱም ገዢ ከሆነች ነገ ሴሽን ላይ ልትቆጣችሁ ስትፈልግ ትሸማቀቃለች። ቢሮ ውስጥ ጌጥ አታስቀምጡ፣ የሽያጩ ስልክና ፔጅ ከሥራው የተለየ ይሁን። ያደረጋችሁትን ጉትቻ አይታ "ማን ሠራው?" ካለች አትዋሹ፣ "እኔ ነኝ" ብላችሁ ወደ ራሷ ጉዳይ ተመለሱ። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ታሪካቸው ነው። የሰማችሁት ነገር ማታ እጃችሁ ላይ ይመጣል፣ ያ ያለ ነው፣ ግን "ልጇን ያጣች እናት" ብላችሁ ስም ሰጥታችሁ ፎቶ ለጠፋችሁ ማለት ሚስጥር አወጣችሁ ማለት ነው፣ ስሟን ባትጠሩም እሷ ራሷን ታውቃለች። እኔ ለሥራዎቼ ስም የምሰጠው ከቅርጻቸው ወይ ከቦታ ነው።

ዋጋ ላይ፣ እኛ አገር ገዢው መጀመሪያ "ስንት ግራም ነው?" ነው የሚለው፣ ወርቅ ቤት የለመደው እሱን ነው። በግራም ብቻ ከሸጣችሁ ድካማችሁ በነፃ ሄደ። ማቴሪያሉን ደምሩ፣ የፈጀባችሁን ሰዓት ጻፉ፣ ለሰዓቱ ዋጋ አውጡለትና ጨምሩበት፣ ግራሙን ሲጠይቃችሁ ግራሙንም ሰዓቱንም ንገሩት። በጣም ተወደደ ያለውን አትከራከሩት፣ ከመዳብ የሠራችሁትን አሳዩት።