መሠረት ሲቆፈር የጣዝማ ጎጆ ከተገኘ እንዴት ይዛወራል?

ጣዝማ መናደፊያ የሌላት፣ ከመሬት ሥር የምትኖር ትንሽ ንብ ናት። ማሯን ፍለጋ ሲቆፈር ብዙውን ጊዜ መንጋው አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሐዋሳ ውስጥ ግንባታ የማያሰጋው ጎጆ ባይነካ ይሻላል። ካሰጋው ግን አዛውሩት።

ቀጭን ሰንበሌጥ በመግቢያው ቀዳዳ አስገቡና መንገዱን ተከተሉ። ከላይ አትቆፍሩ፤ በጎን ጉድጓድ አውርዳችሁ ቀስ እያላችሁ ቅረቡ። ከሁሉ የሚያስፈራው የእጩ (እንቁላልና ትል ያለባቸው ክፍሎች) ነገር ነው። እንቁላሉ በየክፍሉ ባለ ፈሳሽ ምግብ ላይ ስለሚንሳፈፍ ከተገለበጠ ሰምጦ ይሞታል፤ ላዩ ወደ ላይ እንደሆነ አንሡት። ሆዷ ያበጠው ንግሥት መብረር አትችልም፤ ከነእጩ ትነሣ።

እጩን ክዳን ባለው እንስራ አስቀምጡ። ያልተሰበሩትን የማር ቋቶች ጨምሩ፣ የተሰበሩትን አስቀሩ። የፈሰሰ ማር ጉንዳን ይጠራል፤ ጥቃቅን ዝንቦችም በአበባው ብናኝ ላይ እንቁላል ይጥሉና ትላቸው ጎጆውን ያወድመዋል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው።

የእንስራውን አፍ በድሮው መግቢያ ትይዩ አድርጋችሁ እስኪመሽ ጠብቁ፤ ለቀለብ የወጡት ይግቡ። ከዚያ ጥላ ሥር፣ ውሃ በማይተኛበት ቦታ ቅበሩት (የሐይቁ ዳር አይሆንም)። መግቢያውን በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ አውጡና በድሮው መግቢያ ላይ ያለውን ሙጫ በቱቦው አፍ ላይ ለጥፉ። በአቅራቢያው ግራዋ፣ ብሳና ወይም ቡና ካለ ቀለብ አያጡም።