አንኮበርን እንዴት ይጎበኛል? ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ እስከ ወፍ ዋሻ ደን

አንኮበር ከአዲስ አበባ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅርብ ስለሚመስል ብዙ ሰው ደርሶ መልስ ያስባል፤ ጉም ብቻ አይቶ ይመለሳል። እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ሰባት ሰዓት ላይ ደርሼ፣ አሥር እርምጃ ከፊቴ የቆመውን ዛፍ እንኳ መለየት አቅቶኝ ነበር። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አዳር ይያዙ፤ ደብረ ብርሃን ወይም እዚያው አንኮበር ያድሩና ኮረብታውን በማለዳ ይውጡ።

ምክንያቱ የቦታው አቀማመጥ ነው። አንኮበር የሸዋ ደጋ ተቆርሶ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ናት። ከቆላው ሽቅብ የሚወጣው እርጥብ አየር ደጋው ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ሰማዩ የጠራ ጠዋት ግን ሸንተረሩ በሸንተረር ላይ እየተደረበ፣ ቁልቁል እስከ ቆላው ድረስ ይታያል።

ከመነሳትዎ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም የአካባቢውን ሰው ይጠይቁ፤ ማረፊያም ካሰቡ ደውለው ያረጋግጡ። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ የደሴን መንገድ ትተው ወደ ቀኝ ይታጠፉና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ። ጋቢ አይርሱ። በኅዳርና በታኅሣሥ የዚያ አገር ውርጭ አጥንት ይሰብራል።

ጎረቤላ የምትባለውን ከተማ አልፈው ኮረብታው ሥር ሲደርሱ መኪናውን ያቁሙና በእግር ይውጡ። ይህን አደራ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ ኮረብታው ዙሪያውን በእንጨት አጥር ተከቦ ነበር። አጥሩ ዛሬ የለም፤ ዳገቱ ግን አለ። ትንፋሽዎ ሲያጥርና ጉልበትዎ ሲዝል፣ የሸዋ ነገሥታት መናገሻቸውን ለምን እዚህ እንዳደረጉ ማንም ሳይነግርዎ ይገባዎታል።

ጫፉ ላይ ትልቅ ግንብ አይጠብቁ። ከቀድሞው ቤተ መንግሥት የቀረው የድንጋይ ግድግዳ ነው። ቸኩለው አይለፉት፤ ጠጋ ብለው ድንጋዩ እንዴት እንደተገጣጠመ ይዩ። ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት አንጎለላ ቢሆንም፣ ከመቅደላ አምልጠው በ1857 ዓ.ም. የሸዋን ዙፋን ከያዙ በኋላ የተቀመጡት አንኮበር ነው። በኋላ መናገሻው ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም በ1879 ዓ.ም. ወደተቆረቆረችው አዲስ አበባ ዞረ። ያን ግድግዳ ሳይ የዋና ከተማችን ታሪክ ከዚህ ዳገት እንደወረደ ይሰማኛል፤ ልጆች ይዘው ከሄዱ ይህን እዚያው ቆመው ይንገሯቸው።

ቀጥሎ ወደ ደኑ ነው። ወፍ ዋሻ በአገራችን ከቀሩት ጥንታዊ የጽድ ደኖች አንዱ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከዚህ አስመጥተው በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያለውን የመናገሻ ደን እንዳስተከሉ ይነገራል። ለእኔ የቤተ መንግሥቱ እውነተኛ አትክልት ስፍራ ይህ ደን ነው። መንገድ የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ይቅጠሩ፤ ዱካው ገደል ለገደል ስለሚሄድ ብቻዎን አይግቡ። ረጃጅሙን ጽድ፣ ዝግባውን፣ ወይራውን ያዩታል፤ የጽዱ ቅርፊት በቀጭን በቀጭኑ እየተላጠ ግንዱ ላይ ይንጠለጠላል። ከፍ ሲሉ አስታ የሚባለው ዛፍ ይጀምራል። አስታው ሥር ትንሽ ቆም ይበሉ፦ ዝናብ ሳይኖር ጠብ ጠብ የሚል ነገር ይሰማሉ። ደቃቃ ቅጠሎቹ ጉሙን ይዘው ወደ ውኃ ጠብታ ስለሚቀይሩት ነው። ጉሬዛው ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ነጩ ጭራው ቀድሞ ዐይን ይገባል። ቅርንጫፍ አይስበሩ፣ ፕላስቲክ አይጣሉ።

ወደ ደብረ ብርሃን ሲመለሱ ገደሉ አፋፍ ላይ መኪናዎን ከመንገዱ አውጥተው አንድ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ይሰማራሉ፤ ምግብ አይስጧቸው። ከድንጋዮቹ መካከል በመንጋ ብድግ የሚሉ፣ ቡናማ መስመር ያላቸው ትንንሽ ወፎች ካዩ ደግሞ በደንብ ያስተውሉ። ምናልባት የአንኮበር ሴሪን ናቸው፤ ሳይንስ ያወቃቸው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው፣ የሚኖሩትም በኢትዮጵያ ብቻ ነው።