የጋራ የአየር ትንበያ ዳታ ሲቀየር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአየር ትንበያ ሞዴል (መጪውን አየር በኮምፒውተር የሚያሰላ ፕሮግራም) ዳታ ከአንድ ቦታ ይወጣና ብዙ ቤት ይገባል። ዩኒቨርሲቲ ይወስደዋል፣ አየር መንገድ ይወስደዋል፣ ለብቻው የስልክ አፕ የሚሠራ ወጣትም ይወስደዋል። ላኪው ሁሉንም አያውቃቸውም። እሱ ጋ ቀላል የመሰለች ለውጥ ሌላው ጋ ምን እንደምታደርስ ላያይ ይችላል።

ለውጡ ሲስተሙን ካቆመው ብዙም አልጨነቅም። ሰው ይደነግጣል፣ ይነሳል፣ ያስተካክላል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሁሉም ነገር እየሠራ ቁጥሩ ሲሳሳት ነው።

የቁጥሩን ትርጉም በዝምታ መቀየር

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። ዝናብን እንውሰድ። የአሜሪካው ጂኤፍኤስ ሞዴል ዝናብን በኪሎግራም በካሬ ሜትር ይሰጣል። ይህ በተግባር ሚሊሜትር ማለት ነው። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ዋና ሞዴል ደግሞ በሜትር ሲሰጥ ቆይቷል። አንዱን በሌላው የሚተካ ሰው ይህን ካላስተዋለ፣ 20 ሚሊሜትር ዝናብ 0.02 ሆኖ ይገባለታል። ፕሮግራሙ አይጮህም። ካርታው ይሣላል፤ ቀኑ ደረቅ ይመስላል።

ድምሩም እንዲሁ ያምታታል። የአውሮፓው ዝናብ ትንበያው ከጀመረበት ሰዓት አንስቶ እየተደመረ ይሄዳል። ጂኤፍኤስ ውስጥ ግን በየ6 ሰዓቱ ከዜሮ የሚጀምር ድምርም አለ። ከመነሻው የተደመረውን እንደ 6 ሰዓት ዝናብ ያነበበ ሰው፣ አምስተኛው ቀን ላይ ሲደርስ የሌለ ጎርፍ ይተነብያል።

ላኪ ከሆናችሁ፣ ትርጉሙ ሲቀየር ስሙንም ቀይሩት። አዲሱን በአዲስ ስም አውጡ፣ አሮጌውን ለተወሰነ ጊዜ አብራችሁ አቆዩት። ተቀባይ ከሆናችሁ ደግሞ መለኪያውን ከፋይሉ ውስጥ አንብቡ እንጂ በልባችሁ አትያዙት። የጠፋ ዳታ እንደ ዜሮ እንዳይቆጠርም ተጠንቀቁ። «ዝናብ የለም» እና «አናውቅም» ፈጽሞ አንድ አይደሉም።

በፋይሉ ውስጥ ያለውን ተራ ማመን

የሞዴል ዳታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ግሪብ በሚባል የፋይል ዓይነት ነው። ግሪብ ፋይል ውስጥ ያለ እያንዳንዱ መልእክት (አንድ የዳታ ክፍል) ማንነቱን ይዞ ይመጣል፦ ምን እንደተለካ፣ በየትኛው ከፍታ፣ ለየትኛው ሰዓት። ዳታውን የሚያነበው ትንሽ ፕሮግራም፣ ማለትም ስክሪፕቱ፣ ብዙ ጊዜ ግን ይህን ትቶ «227ኛውን አምጣ» ይላል። ለዓመታት ይሠራል። አንድ ቀን መሃል ላይ አዲስ መልእክት ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ቦታ ይገፋል። በ850 ሄክቶፓስካል (ከፍታ የሚገለጽበት የአየር ግፊት) ያለውን ሙቀት የጠየቀ ሰው የሌላ ከፍታ ሙቀት ይሰጠዋል። ያም ያም ሙቀት ስለሆነ ቁጥሩ አሳማኝ ነው። እንዲህ ያለ ስህተት ይዤ ለቀናት ካርታ ሳወጣ ቆይቻለሁ፤ ያወቅሁት ከጣቢያ ልኬት ጋር ሳስተያየው ነው። ከዚያ ወዲህ በተራ ቁጥር ለቅሜ አላውቅም።

ፋይሉ የሚወርድበት አድራሻ ጉዳይ ቀለል ይላል፤ ቢያንስ ስህተቱ ይታያል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ጂኤፍኤስ ወደ 16ኛው ቨርዥን ሲገባ በፎልደሮቹ መካከል «አትሞስ» የምትባል ተጨመረች። አድራሻውን አሥር ቦታ የጻፈ ሰው አሥር ቦታ መቀየር ነበረበት። አንድ ቦታ ብቻ ጻፉት።

መጠኑን አለማስላት

ሞዴሉ ቁጥር የሚሰጥባቸው ነጥቦች መረብ ግሪድ ይባላል። በግሪዱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ከ0.5 ዲግሪ ወደ 0.25 ሲወርድ ዳታው በእጥፍ የሚያድግ ይመስላል። አይደለም። ዓለም አቀፉ ግሪድ ከ259,920 ነጥብ ወደ 1,038,240 ይዘላል፤ አራት እጥፍ ነው። ይህ ደግሞ ለአንድ ተለዋዋጭ (ለምሳሌ ለሙቀት)፣ ለአንድ ከፍታ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው።

ብዙ ተቋማት ዳታውን የሚቀባበሉት ኤልዲኤም በሚባለው ሶፍትዌር ነው። እሱ ደግሞ መጠኑ የተወሰነ ወረፋ አለው። ወረፋው ሲሞላ አሮጌው ይጣላል፣ አንዳንዴም ሳይነበብ። ምልክቱ አሳሳች ነው፦ አንዱ ሰዓት ሙሉ ይመጣል፣ ሌላው ጎዶሎ። ሰውም ኔትወርኩን ይወቅሳል። ከለውጡ በፊት አስሉ፣ ወረፋውን አስፉ፣ ዲስኩንም እዩ።

በአንድ ሌሊት መቁረጥ

አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ጊዜ ይኑር። ፈተናውም በአንድ ዙር አይብቃ። ጂኤፍኤስ በቀን አራቴ ነው የሚሠራው፦ በ00፣ 06፣ 12 እና 18 ዩቲሲ (ዓለም አቀፍ የጋራ ሰዓት)። በ00 የተሳካው በ06 ላይሳካ ይችላል። ከባድ ማዕበል እየመጣ ባለበት ሳምንትም አትቀይሩ። የአሜሪካው ብሔራዊ የአየር አገልግሎት ራሱ አደገኛ አየር ሲኖር የታቀደ የሞዴል ለውጥ ያራዝማል።

ኢሜይል መላክን እንደ መንገር መቁጠር

ማስታወቂያው ለኃላፊው ይደርሳል፤ ስክሪፕቱን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ግን አያየውም። ደጋግማችሁ ላኩ፣ ቀኑንም ከነሰዓቱ በዩቲሲ ጻፉ። ከሁሉ በላይ ናሙና ፋይል አያይዙ፤ ፋይሉን የሞከረ ሰው ችግሩን ቀድሞ ያገኘዋል።

«የተሻለ ሞዴል ነው፣ ምን ይጎዳል?» ማለት

ብዙ ተቋም የሞዴሉን ውጤት በራሱ ቀመር ያርመዋል። አሮጌው ሞዴል አንድ ጣቢያ ላይ ሁልጊዜ ከእውነተኛው 2 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ የሚተነብይ ከነበረ፣ ቀመሩ 2 ዲግሪ መጨመር ለምዷል። አዲሱ ሞዴል ያንን ችግር ፈትቶ ይመጣል። ቀመሩ ግን አሁንም 2 ይጨምራል፤ ትክክል የነበረው ትንበያ በእኛ እጅ ይበላሻል። ስለዚህ ላኪውን አንድ ነገር ጠይቁ፦ በአዲሱ ሞዴል ላለፉት ወራት ወይም ዓመታት ተሠርቶ የወጣ ትንበያ አለ? ካለ፣ ቀመሩን በእሱ አሠልጥኑት። ከሌለ ሁለቱ ጎን ለጎን በሚሄዱበት ጊዜ የአዲሱን ውጤት ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ አስቀምጡ፣ ልዩነቱን በየጣቢያው እዩ። አሮጌው ቀመር የሚጎዳቸው ጣቢያዎች ላይ በቂ ዳታ እስኪጠራቀም እርማቱን አጥፉት።